ሕግን በእንግሊዝኛ መማር፣ በአማርኛ መሥራት፦ ጎንደር ላይ ሕግ ማጥናት ለሚፈልጉ ተማሪዎች የተዘጋጀ መመሪያ

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ የሕግ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ከዚያው ግቢ የተመረቀ ወጣት በከተማዋ ፍርድ ቤቶች ሲቆም ግን ክሱም፣ መልሱም፣ የምስክሮች ቃልም፣ ትእዛዙም፣ ፍርዱም በአማርኛ ነው። ብዙ ተማሪዎች ይህን ልዩነት የሚረዱት ከተመረቁ በኋላ፣ ሥራ ፈልገው ለጽሑፍ ፈተና ሲቀመጡ ወይም የመጀመሪያ መዝገባቸውን ሲይዙ ነው። እኔም እንዲሁ ነበርሁ። በሥራ ዓለም የመጀመሪያ ሳምንታት አንድ አንጋፋ ጠበቃ የመከላከያ መልስ እንዳዘጋጅና የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ፣ ማለትም ወደ ዋናው ክርክር ከመገባቱ በፊት የሚነሣ ተቃውሞ፣ እንዳስገባበት አዘዙኝ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉን አንቀጽ 244 በእንግሊዝኛ ጠንቅቄ አውቀው ነበር፤ አንዷን ገጽ በአማርኛ ለመጻፍ ግን ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ስለዚህ ከዚህ በታች የማስቀምጣቸው ደረጃዎች ወደ ሕግ ትምህርት ቤት ስለ መግባት ብቻ ሳይሆን፣ ከ11ኛ ክፍል ጀምሮ ሁለቱን ቋንቋዎች ጎን ለጎን ስለ ማሳደግም ናቸው።

አንደኛ፦ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና

ሕግ ለማጥናት ያሰበ ተማሪ በመጀመሪያ የማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍን መምረጥ አለበት። ከዚያ በኋላ ያለው ትልቁ በር የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። ይህ ፈተና ከ2014 የትምህርት ዘመን ተማሪዎች ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ የሚሰጥ ሲሆን፣ ወደ መደበኛው ፕሮግራም ለመግባት ቢያንስ 50 በመቶ ማምጣት ያስፈልጋል። በ2014 ከተፈተኑት ይህን ነጥብ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነዋል። ይህን የምጽፈው ለማስፈራራት አይደለም፤ ፉክክሩ ከሕግ ትምህርት ቤቱ በር ሳይሆን ከዚህ ፈተና እንደሚጀምር ከወዲሁ እንድታውቁት ነው።

የማኅበራዊ ሳይንስ ተፈታኞች የሚፈተኗቸው ትምህርቶች እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ስኮላስቲክ አፕቲትዩድ፣ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ሲሆኑ፣ ውጤቱ ከ600 ይያዛል። ብዙ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ጂኦግራፊና ታሪክን ሌት ተቀን ሲያነቡ ሒሳብን ገና ከጅምሩ ተስፋ ቆርጠው ይተዉታል። በእኔ ግምት ትልቁ ስሕተት ይህ ነው፤ ምክንያቱም ታሪክን ከ75 ወደ 80 ለማሳደግ የሚጠይቀው ድካም ሒሳብን ከ30 ወደ 45 ለማሳደግ ከሚጠይቀው ብዙ አያንስም፣ የሚያስገኘው ነጥብ ግን ሲሶ ያህል ነው። የአፕቲትዩድ ጥያቄዎችንም እንደ ዕድል ጉዳይ አትቁጠሯቸው። የቃላት ዝምድናን፣ አንቀጽ አንብቦ መረዳትንና ከመነሻ ሐሳብ ወደ መደምደሚያ መድረስን የሚፈትኑት ጥያቄዎች በኋላ ሕግ ላይ በየዕለቱ የምትሠሩትን ሥራ የሚመስሉ በመሆናቸው፣ ያለፉትን ዓመታት ጥያቄዎች ሰዓት ይዛችሁ ደጋግማችሁ ሥሩ።

በክልላችን በጸጥታ ምክንያት ትምህርታቸው የተቋረጠባቸው ብዙ ተማሪዎች አሉ። ከእነዚህ አንዱ ከሆናችሁ፣ የ12ኛን መጽሐፍ ከመጀመራችሁ በፊት የዘለላችኋቸውን የ9ኛና የ10ኛ ክፍል የሒሳብና የእንግሊዝኛ ምዕራፎች ለይታችሁ በወረቀት ላይ ጻፉና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት እነርሱን ብቻ ሙሉ። የተዘለለ መሠረት ላይ የ12ኛን ሒሳብ ለመገንባት መሞከር ጊዜም ሞራልም ይበላል።

አማርኛ በዚህ ብሔራዊ ፈተና ውስጥ የለም። ስለሌለም ተማሪው 11ኛ ክፍል ላይ ችላ ይለዋል፣ መምህሩም እንደ ትርፍ ክፍለ ጊዜ ያየዋል። እናንተ ግን በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቢሆን፣ የሆነን ጉዳይ በአንድ ገጽ አማርኛ ጽፋችሁ ለመምህር ወይም ለታላቅ ወንድም አሳዩ፤ ለምሳሌ የጎረቤት የድንበር ክርክር እንዴት ተጀምሮ በሽምግልና እንዴት እንዳለቀ፣ ማን ምን እንዳለ፣ ሽማግሌዎቹ ምን እንደ ወሰኑ። የሰማችሁትን ሳታጋንኑና ሳትቀንሱ በቅደም ተከተል መጻፍ የሕግ ሰው የመጀመሪያ ችሎታ ነው።

ሁለተኛ፦ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ

ውጤት ከወጣ በኋላ ትምህርት ሚኒስቴር ዩኒቨርሲቲዎችን በቅደም ተከተል እንድትመርጡ ያደርጋል፤ ምደባው የሚሠራውም በውጤታችሁና በምርጫችሁ ነው። ጎንደር ከሀገሪቱ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ በመሆኑ የሚመርጠው ተማሪ ብዙ ነው። ስለዚህ ጎንደርን በመጀመሪያ ተራ ብታስቀምጡም፣ ከእርሱ ቀጥሎ ያሉትን ተራዎች የሕግ ትምህርት በሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ለምሳሌ በባሕር ዳር፣ በወሎ ወይም በደብረ ማርቆስ ሙሏቸው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ አመልካቾችን በራሱ የመግቢያ ፈተና ስለሚቀበል፣ እዚያ ለመሄድ የምታስቡ የእርሱን ማስታወቂያ በተናጠል መከታተል አለባችሁ።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ የወጪ መጋራት ውል ትፈርማላችሁ። ይህ በሕይወታችሁ ምናልባት የመጀመሪያው የምትፈርሙት ውል ነው፤ የሕግ ተማሪ ለመሆን ያሰበ ሰው ደግሞ ሳያነብ መፈረም አይገባውም። ምን ያህል ዕዳ እንደ ተመዘገበባችሁ፣ ምግብ በግቢው ወይም በራሳችሁ መሆኑ በስሌቱ ላይ ምን እንደሚለውጥ አንብቡ፤ ቅጂውንም በየዓመቱ በአንድ ፋይል አስቀምጡ። ከምረቃ በኋላ ዋናውን የትምህርት ማስረጃ ስትፈልጉ ይህ ሰነድ ይጠየቃል።

ሦስተኛ፦ የመጀመሪያው ዓመት

ዩኒቨርሲቲ መግባት ሕግ መግባት ማለት አይደለም። ተማሪው በመጀመሪያ የጋራ ኮርሶችን ይወስዳል፤ የትምህርት ክፍል ምደባም በዩኒቨርሲቲው በሚወጣው መስፈርት መሠረት ከዚያ በኋላ ይከናወናል። በዚህ ምደባ የመጀመሪያ ዓመት ውጤት ዋና ክብደት ስላለው፣ ከቤተሰብ ርቆ የመጣ ተማሪ ግቢውን እስኪለምድ ብሎ የመጀመሪያውን መንፈቅ ቢያባክን በሁለተኛው ማካካስ ይቸግረዋል።

ከጋራ ኮርሶቹ ሁሉ ለእናንተ ሁለት ጊዜ የሚቆጠረው የሎጂክና ሒሳዊ አስተሳሰብ ኮርስ ነው። በአንድ በኩል ለምደባ ነጥብ ይሆናል፣ በሌላ በኩል ደግሞ አንድ ክርክር መነሻውና መደምደሚያው የት እንደሆነ፣ መነሻው መደምደሚያውን ይደግፍ እንደሆነ መመርመርን ያስተምራል። በዚህ ኮርስ ላይ የሚዘረዘሩትን የአስተሳሰብ ግድፈቶች ሸምድዶ ለፈተና ማለፍ ይቻላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱን ግድፈት በሬዲዮ ከሰማችሁት ክርክር ወይም በጓደኞች ጭውውት ከተነሣ ሐሳብ ጋር እያያያዛችሁ ካጠናችሁት በኋላ ስለ ማስረጃ ሕግ ስትማሩ ትጠቀሙበታላችሁ።

በዚሁ ዓመት ማስታወቂያ ሰሌዳና የሬጅስትራር መልእክቶችን በየሳምንቱ ተመልከቱ። የምርጫ ቅጽ በወቅቱ ባለመሙላቱ ብቻ ያልፈለገው ክፍል የተመደበ ጥሩ ተማሪ አውቃለሁ።

አራተኛ፦ የሕግ ትምህርት ዓመታት

የሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ በመደበኛው መርሐ ግብር በአጠቃላይ 5 ዓመት ይፈጃል። የሰዎች ሕግ፣ የቤተሰብ ሕግ፣ ውል፣ ከውል ውጭ ኃላፊነት፣ ንብረት፣ የወንጀል ሕግ፣ ሁለቱ የሥነ ሥርዓት ሕጎች፣ ማስረጃ፣ ሕገ መንግሥት፣ የአስተዳደር ሕግ፣ የንግድ ሕግ ዘርፎች፣ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ፣ ግብር፣ የመሬት ሕግና ሌሎችም ይሰጣሉ። በተጨማሪ የምስለ ችሎትና በፍርድ ቤቶችና በፍትሕ ተቋማት የሚካሄድ የተግባር ልምምድ አለ።

እዚህ ላይ በቅድሚያ መወገድ ያለበት አስተሳሰብ ሕግ ሽምደዳ ነው የሚለው ነው። አንቀጽ በቃል መያዝ አይጠላም፤ ነገር ግን ችሎት ላይ ሕጉ ከፊታችሁ ተዘርግቶ ይቀመጣል፣ ዳኛውም የሚጠይቃችሁ የአንቀጹን ቁጥር ሳይሆን ለዚህ ጉዳይ ለምን እንደሚሠራ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ጉዳይ በአምስት ደረጃ መሥራትን ልመዱ፦ ፍሬ ነገሩን ማውጣት፣ ጭብጡን (ፍርድ ቤቱ ሊመልሰው የሚገባውን ዋና ጥያቄ) መያዝ፣ ተፈጻሚ የሚሆነውን ሕግ መለየት፣ ሕጉን ከፍሬ ነገሩ ጋር ማገናዘብ፣ በመጨረሻም ውሳኔ ላይ መድረስ። ከአምስቱ ተማሪ የሚሳሳተው ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ላይ ነው። ጭብጥ በተሳሳተ መንገድ ከተያዘ ከዚያ በኋላ ያለው ትንተና ምንም ያህል ቢያምር ለሌላ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ይሆናል። ለምሳሌ አንድ ሰው ከ11 ዓመት በፊት ያበደረውን ገንዘብ ቢጠይቅና ተበዳሪው ብድሩን ሳይክድ ጊዜው አልፏል ቢል፣ ጭብጡ ብድሩ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው አይደለም፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1845 የተመለከተው የ10 ዓመት ይርጋ (መብት የሚጠየቅበት የጊዜ ገደብ) ከመቼ ጀምሮ ይቆጠራል፣ በመካከልስ የተቋረጠበት ምክንያት አለ ወይ የሚለው ነው።

አሁን ወደ ቋንቋው ልመለስ። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ሁለት ዓምድ ያለው ደብተር ያዙ። በአንዱ ዓምድ በክፍል የተማራችሁትን የእንግሊዝኛ ስያሜ፣ በሌላው ሕጉ ራሱ የሚጠቀምበትን የአማርኛ ቃል ጻፉ። ይርጋ፣ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ፣ በፍርድ ያለቀ ጉዳይ፣ ጣልቃ ገብ፣ የማስረዳት ሸክም፣ የእግድ ትእዛዝ፣ አፈጻጸም፣ አላባ፣ ይዞታ፣ አላግባብ መበልጸግ፦ እነዚህን ቃላት ከራሳችሁ አትተርጉሙ፤ ከሕጉ የአማርኛ ቅጂ ቅዱ። በግምት የተተረጎመ ቃል ዳኛውንም ተከራካሪውንም ያሳስታል።

ይህን የምመክረው ለአማርኛ ካለኝ ፍቅር ብቻ አይደለም። የፌዴራል ሕጎች በነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሲታተሙ፣ በሁለቱ መካከል ልዩነት ቢፈጠር የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው በ1987 በወጣው አዋጅ ቁጥር 3 መሠረት የአማርኛው ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ረቂቁ በፈረንሳዊው ምሁር ረኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ተዘጋጅቶ ወደ አማርኛና እንግሊዝኛ የተተረጎመ በመሆኑ፣ በአንዳንድ አንቀጾች ሁለቱ ቅጂዎች በትክክል አይገጥሙም። የእንግሊዝኛውን ብቻ ያጠና ሰው ፍርድ ቤት ገብቶ የማይጸና ክርክር ሊያቀርብ ይችላል። ስለዚህ ከንብረት ወይም ከውል ሕግ አንድ አንቀጽ በክፍል በተነሣ ቁጥር፣ ማታ ማደሪያችሁ ገብታችሁ ሁለቱን ቅጂዎች ጎን ለጎን አስቀምጡና ልዩነቱን ፈልጉ። የአማራ ክልል ሕጎች ደግሞ የሚታተሙት በዝክረ ሕግ ጋዜጣ ነው። በጎንደር ዙሪያ ብዙውን ቤተሰብ ፍርድ ቤት የሚያደርሰው የገጠር መሬት ክርክር በመሆኑ፣ በ2009 የወጣውን የክልሉን የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252 ከመመረቃችሁ በፊት ከዳር እስከ ዳር አንብቡ።

ሌላው ሳይዘለል መነበብ ያለበት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት (በመጨረሻ ፍርድ ላይ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት መኖሩን የሚመረምረው ችሎት) ውሳኔዎች ናቸው። በ1997 ከወጣው አዋጅ ቁጥር 454 ጀምሮ ችሎቱ አምስትና ከዚያ በላይ ዳኞች ተሰይመው የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየትኛውም እርከን ያሉ የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ ተደርጓል፤ አሁን ይህ በ2013 በወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234 ተካቷል። ውሳኔዎቹ በቅጽ በቅጽ ታትመው በአማርኛ ይገኛሉ። በሳምንት አንድ ውሳኔ አንብቡ፤ በመጀመሪያ የሥር ፍርድ ቤቶችን ታሪክ ብቻ አንብባችሁ መጽሐፉን ዝጉ፣ የራሳችሁን ጭብጥና ውሳኔ ጻፉ፣ ከዚያ ችሎቱ ካለው ጋር አስተያዩት። በዓመት ወደ 50 የሚጠጋ ውሳኔ በዚህ መንገድ የሠራ ተማሪ አጻጻፉም አስተሳሰቡም ይለወጣል።

ችሎት በመርህ ደረጃ ለሕዝብ ክፍት ነው። ክፍለ ጊዜ በሌላችሁ ጠዋት ከማራኪ ወርዳችሁ የማዕከላዊ ጎንደር ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ወይም የከተማው ወረዳ ፍርድ ቤት ችሎት ውስጥ ተቀመጡ። ስልካችሁን ዝጉ፣ ዳኛ ሲገባ ተነሡ፣ የተከራካሪዎችን ስም በማስታወሻችሁ አትጻፉ። ዳኛው ምስክርን እንዴት እንደሚያጣሩ፣ ጠበቃው በመስቀለኛ ጥያቄ የት እንደሚያቆም፣ ከገጠር የመጡት እናት ጥያቄው ሳይገባቸው ሲመልሱ ማን ቆም ብሎ እንደሚያስረዳቸው ተመልከቱ። አባቶቻችን በበላ ልበልሃ፣ በቀድሞው የአደባባይ ሙግት ሥርዓት፣ ሲሟገቱ የነገር አካሄዱን፣ የቃሉን ክብደትና አደባባይ የመቆም ድፍረትን የተማሩት ከዛፍ ሥር ቆመው በማዳመጥ ነበር፤ ጎንደርም ፍትሐ ነገሥት ከመምህር ሥር ተቀምጦ ሲጠና የኖረባት ከተማ ናት። የሕግ አማርኛ ትናንት ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ቋንቋ አይደለም።

የዩኒቨርሲቲዎች የነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት የተማሪ በጎ ፈቃደኞችን ሲፈልጉ ቀድማችሁ ተመዝገቡ። አቅም የሌለውን ባለጉዳይ ታሪክ ሰምቶ ወደ አንድ ገጽ አቤቱታ መለወጥን ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር ክፍል አላየሁም።

አምስተኛ፦ የመውጫ ፈተና

የሕግ ተማሪዎች ከሌሎች ሙያዎች ብዙ ዓመታት ቀድመው የመውጫ ፈተና ሲፈተኑ ቆይተዋል፤ ከ2015 ወዲህ ደግሞ ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ግዴታ ሆኗል። ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ፈተናው የሚሸፍነው የብዙ ዓመት ኮርሶችን በመሆኑ፣ በመጨረሻው መንፈቅ ሁሉንም ከመጀመሪያ ለማንበብ መነሣት አያዋጣም። በእያንዳንዱ መንፈቅ መጨረሻ የእያንዳንዱን ኮርስ ፍሬ ነገር በስምንት ወይም በአሥር ገጽ አሳጥራችሁ አስቀምጡ፤ በአምስተኛው ዓመት የምታነቡት ያን ይሆናል።

ስድስተኛ፦ ከምረቃ በኋላ

የሕግ ምሩቅ በዝቷል፤ ይህን መደበቅ ተገቢ አይደለም። ሥራ ግን የለም ማለት አይደለም፤ መንገዶቹም በባሕርያቸው የተለያዩ ናቸው።

ዳኝነትና ዐቃቤ ሕግነት ወጣቶች ቶሎ የሚያስቧቸው ናቸው። የክልል ዳኞች በዳኞች አስተዳደር ጉባኤ አቅራቢነት በክልሉ ምክር ቤት ይሾማሉ። ጀማሪ ዳኛ ወይም ዐቃቤ ሕግ አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው በወረዳ ነው፤ ጎንደር ከተማ ለመቅረት ብቻ የሚፈልግ ሰው ይህን አስቀድሞ ከቤተሰቡ ጋር ይነጋገርበት። በበኩሌ የወረዳ አገልግሎትን እንደ ቅጣት የሚያዩትን አልደግፍም። በአንድ ወረዳ ፍርድ ቤት የወንጀል፣ የቤተሰብ፣ የመሬትና የውርስ መዝገብ በአንድ ሳምንት ያልፋል፤ በትልቅ ከተማ ይህን ስፋት ለማግኘት ዓመታት ይፈጃል።

ነገረ ፈጅነት፣ ማለትም በባንክ፣ በኢንሹራንስ፣ በመንግሥት የልማት ድርጅት ወይም በዩኒቨርሲቲ የሕግ ክፍል መሥራት፣ ደመወዙ የተረጋጋ ቢሆንም የሥራው ስፋት ጠባብ ነው። ባንክ ለመግባት የምታስቡ የመያዣ ሕግን፣ በ1990 የወጣውን ባንኮች መያዣን ራሳቸው እንዲሸጡ የፈቀደውን አዋጅ ቁጥር 97፣ እንዲሁም በ2013 የወጣውን አዲሱን የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243 አጥኑ። ጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው የንግድ መሥመር ላይ በመሆኗ የሰሊጥ ውል፣ የጉምሩክ ጉዳይና የብድር ክርክር የሚያውቅ ሰው ፈላጊ አያጣም፤ ይህን ዘርፍ በምርጫ ኮርስም ሆነ በመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ቀድሞ መያዝ ብልህነት ነው።

ማስተማር የሚፈልጉ ውጤታቸውን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ መጠበቅና ሁለተኛ ዲግሪ ማሰብ አለባቸው።

ጥብቅና ደግሞ የብዙዎች የመጨረሻ ግብ ነው። ለክልል ፍርድ ቤቶች ፈቃድ የሚሰጠው የክልሉ ፍትሕ ቢሮ ሲሆን፣ የፌዴራሉ በ2013 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 ይመራል፤ ይህ አዋጅ ጠበቆች በድርጅት ተደራጅተው እንዲሠሩም ፈቅዷል። ሁለቱም ከዲግሪው ሌላ የሚጠይቋቸው ሁኔታዎች ስላሉ፣ ከተመረቃችሁበት ቀን ጀምሮ የሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ የሥራ መደብ መጠሪያና የጀመራችሁበትን ቀን የሚገልጽ ማስረጃ በየጊዜው ጠይቃችሁ ያዙ። ከመሥሪያ ቤት ከለቀቁ ዓመታት በኋላ ደብዳቤ ለማስጻፍ የሚመላለሱ ባልደረቦችን አይቻለሁ። ልምዳችሁንም በሚቻል ሁሉ ከአንድ አንጋፋ ጠበቃ ጋር አድርጉት፤ የመጀመሪያውን ዓመት ደመወዝ ሳይሆን የምትይዙትን የመዝገብ ዓይነት አስበልጡ።

ባለጉዳይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣችሁ ሰነዱን ሁሉ ከመቀበላችሁ በፊት ታሪኩን ሳታቋርጡ አድምጡ፣ ከዚያ ቀኖቹን ጠይቁ፦ ውሉ መቼ ተፈረመ፣ ጉዳቱ መቼ ደረሰ፣ የሥር ውሳኔው መቼ ተሰጠ። ከውል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት ይርጋው 2 ዓመት መሆኑን ያላስተዋለ ጠበቃ ባለጉዳዩን ያለ መብት ሊያስቀረው ይችላል። ቀኑን ካሰላችሁ በኋላ በመዝገቡ ሽፋን ላይ፣ ከባለጉዳዩ ስም በታች፣ ክሱ ወይም ይግባኙ የሚቀርብበትን የመጨረሻ ቀን በቀይ ጻፉ።